ጎረቤት ስለ ሕንጻው የመጠየቅ ሐቅ አለውን?

በአንድ ሰፈር ክፍት ቦታ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ፎቅ ሊሠራ ነው ሲባል ነዋሪው መጠየቁ አይቀርም። ለመንገዱ ስንት ሜትር ተተወ? መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ማን ግቢ ነው? ለዚህ ሰፈር በፕላን የተፈቀደው ስንት ፎቅ ነው? እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ «ምቀኛ» ወይም «የልማት እንቅፋት» የሚል ስም ይወጣለታል። «ሰው በገዛ ቦታው የፈለገውን ቢሠራ ዲናችን ምን አገባው?» የሚሉ ሙስሊሞችም አይጠፉም። ለመሆኑ ታሪካችን ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል?

ነገሩ የሚጀምረው ከመዲና ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲወዛገቡ ሰባት ክንድ እንዲሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈርደዋል። ይህ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። ያው ሶሐባ ባስተላለፈው ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ጎረቤት በግድግዳህ ላይ የቤቱን እንጨት ላሳርፍ ቢልህ አትከልክለው የሚል ትእዛዝ አለ። ሁለቱን ሐዲሶች አብረን ስናያቸው ሚዛኑ ግልጽ ይሆናል። የመጀመሪያው የአላፊ አግዳሚውን ሐቅ ከሚገነባው ሰው ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የሚገነባውን ሰው ሐቅ ከጎረቤቱ ይጠብቃል። ሁለቱንም የሚያስተሳስረው በሌላው ላይ ጉዳት ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይፈቀድ የሚደነግገው ታዋቂው ነቢያዊ መርሕ ነው።

በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን ሙስሊሞች አዳዲስ ከተሞችን ሲቆረቁሩ ይህ መርሕ ወደ ከተማ ሥርዓት ተለወጠ። በ17 ዓመተ ሂጅራ (638 እ.ኤ.አ.) በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) የተቆረቆረችው የኩፋ ከተማ ቤቶች በመጀመሪያ የሸምበቆ ነበሩ። እሳት ተነስቶ ሲያወድማቸው ነዋሪዎቹ በጡብ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁ። ጦበሪ እንደዘገበው ዑመር ፈቀዱ፤ ነገር ግን ማንም ከሦስት ክፍል በላይ እንዳይሠራና ሕንጻውን እንዳያስረዝም ገደብ አደረጉ። ዋና ዋና መንገዶች 40 ክንድ፣ ቀጣዮቹ 30 እና 20 ክንድ፣ የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች ደግሞ 7 ክንድ እንዲሆኑ ታዘዘ። ልብ በሉ፤ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መንገዱ ተለካ።

በግብፅ ፉስጣጥ ከተማ የሆነው ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። ኢብኑ ዐብዱል ሐከም የተባለው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፣ በዚያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰገነት የሠራው ኻሪጃ ኢብኑ ሑዛፋ ነበር። ኻሪጃ ተራ ሰው አልነበረም፤ ሶሐባና ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበር። ሆኖም ሰገነቱ የጎረቤቶችን ገመና እንደሚያሳይ ወሬው መዲና ደረሰ። ኸሊፋው ለአገረ ገዢው ለዐምር ኢብኑል ዓስ ጽፈው እንዲፈርስ አዘዙ። የባለቤቱ ክብር ሰገነቱን አላዳነውም።

በማሊኪያ መዝሀብ ታላቅ መጽሐፍ በሙደወና ስለ ተመሳሳይ ጉዳይ ከዑመር የተላለፈ ሌላ ፍርድ አለ። ከመስኮቱ ሥር አልጋ ይቀመጥ፣ ሰውም ይቁምበት፤ የጎረቤቱን ቤት ውስጥ ካየ ባለቤቱ ይከልከል፣ ካላየ ግን ይተው የሚል ነው። ፍርዱ የተመሠረተው በጩኸትም በዝምድናም ሳይሆን በልኬት ነው።

ከዘመናት በኋላ በቱኒስ ይህ ልኬት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በ734 ዓመተ ሂጅራ (1334 እ.ኤ.አ.) ያረፈው ኢብኑ ራሚ ግንበኛ ነበር። ቃዲው ክስ ሲቀርብለት እሱን ወደ ቦታው ይልከዋል፤ እሱም ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የውሃ መውረጃውን አይቶ ያየውን ይናገራል። ስለ ሕንጻ ሕግጋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የምድጃና የሐማም ጭስ፣ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ፣ የወፍጮ ንዝረት፣ በር ለበር መገጣጠም ሁሉ ተዘርዝሯል። ቀድሞ የነበረው የትኛው ነው የሚለውም ጥያቄ በፍርዱ ውስጥ ትልቅ ክብደት ነበረው።

ዑስማኒያዎች ከ1869 እስከ 1876 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጁት «መጀላ» በተባለው ሕግ ውስጥ ደግሞ አንድ የሚገርም አንቀጽ አለ። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል በጎረቤት ግንባታ ምክንያት ጽሑፍ እስከማይነበብበት ድረስ ከጨለመ፣ ጉዳቱ ከባድ ነውና ይወገዳል። ገንቢው «ብርሃኑን ከበሩ ያግኝ» ማለት አይችልም፤ በር ለብርድና ለመሳሰለው መዘጋት አለበትና። በአንጻሩ ክፍሉ ሁለት መስኮት ኖሮት አንዱ ብቻ ቢጋረድ፣ ወይም የሩቁ ገጽታ ቢከለል፣ ይህ ከባድ ጉዳት ተብሎ አይቆጠርም።

ውድ አንባቢያን! ከዚህ ታሪክ የሁለቱም ወገን ትምህርት ይገኛል። ነዋሪው ሲጠይቅ እንግዳ ነገር አላመጣም፤ የፉስጣጥ ሰዎች ገመና ኸሊፋው ዘንድ እንደደረሰ ሁሉ የሱም አቤቱታ ሊሰማ ይገባዋል። ግን ጥያቄው በግምትና በሐሜት ሳይሆን በልክ ይሁን። «ይህ መንገድ ስንት ሜትር ነው? የተፈቀደውስ ስንት ነው?» ብሎ ፕላኑን አይቶ ይናገር። የጎረቤቱ ሀብት ብቻ ዐይኑን ካቆሰለው ግን ያ ሐሰድ እንጂ ሐቅ አይደለም። መኖሪያ ያጣ ቤተሰብም ቤት የማግኘት ሐቅ እንዳለው አይርሳ።

ገንቢውም የመሠረት ድንጋይ ሳይጥል ጎረቤቶቹን ጠርቶ ፕላኑን ቢያሳያቸው ከብዙ ክስና ቂም ይድናል። ማኅተም ያለበት ፈቃድ በእጁ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ወረቀቱ በቢሮ ሊያስመልጠው ይችላል፤ የጎረቤት ሐቅ ግን በየውሙል ቂያማ ይጠየቃል።

አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።