ቁርባን፣ ሰማንያ፣ ችሎት
የኢትዮጵያ ትዳር በሦስት ሕጎች መካከል

ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ትለዋለች፤ ዘመድ የንብረትና የዘር ነገር ያደርገዋል፤ መንግሥት የኅብረተሰብ ምሰሶ ብሎ ይቆጥረዋል። የሦስቱ ድምፅ በአገራችን አንዴ እየተስማማ አንዴም እየተጋጨ ለብዙ ዘመናት ዘልቋል። የዚህን ታሪክ ፍሬ ነገር ለመረዳት ሠርጉን ማየት ብቻውን አይበቃም። ትዳር ሲፈርስ ከቤቱ ማን ምን ይዞ ይወጣ እንደነበር መመርመር ያሻል።

በጽሑፍ ከወረስናቸው ሕጎች ዋነኛው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያዘጋጀው ግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ አል-ሳፊ ኢብን አል-አሳል ሲሆን፣ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ ትውፊት ይናገራል። ከ51ዱ አንቀጾች 22ቱ ለመንፈሳዊው፣ የቀሩት ለሥጋዊው ሕይወት የተመደቡ ናቸው። ስለ ጋብቻ የሚደነግገው 24ኛው አንቀጽ የተጋቢዎቹን ፈቃድ የትዳር መሠረት ያደርጋል፤ ፍቺን ደግሞ ከጥቂት ምክንያቶች በቀር ይከለክላል።

መጽሐፉ በሊቃውንት እጅና በነገሥታት ችሎት ቢከበርም፣ የሰፊው ሕዝብ ትዳር በአብዛኛው ከእርሱ ውጪ ነበር። ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙ ተቀብለው የሚጋቡበት የቁርባን ጋብቻ ለካህን ግዴታ ነው። ለሌላው ግን የማይፈታ በመሆኑ ያስፈራ ነበር፤ ብዙዎችም ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነበር የሚቆርቡት። ነገሥታቱም ከዚህ ልማድ አልወጡም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ለዓመታት ኖረው ተለያይተዋል፤ ከጣይቱ ብጡል ጋር በቁርባን የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። ጣይቱም ቢሆኑ ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ያዩ ነበሩ።

ሕዝቡ ቤቱን የመሠረተው በሰማንያ ነው። ይህ ጋብቻ በእማኞችና በዋሶች ፊት፣ በንጉሥ ስም በሚፈጸም መሐላ ይታሰራል። ካህን ቢባርከውም ባይባርከውም ይጸናል፤ ሊፈታም ይችላል። ፍቺ በመጣ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መጀመሪያ ያስታርቃሉ፤ ዕርቅ ካልሆነ ሁለቱ አብረው ያፈሩትን እኩል ያካፍላሉ። በአማራው አገር ሴት ልጅም ከአባትና ከእናቷ ወገን ርስት የመጠየቅ መብት ስለነበራት፣ ሚስት ወደ ትዳር የምትገባው ባዶ እጇን አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው፣ የባልና የሚስት እኩል ድርሻ የሚለው ሐሳብ ከውጭ አገር ሕግ ጋር የመጣ ሳይሆን በሽማግሌዎች ሸንጎ የኖረ መሆኑን ነው።

ይሁንና ያለፈውን ማሽሞንሞን አይገባም። ፍትሐ ነገሥት ፈቃድን ቢጠይቅም፣ ልጃገረዷ በሕፃንነቷ በወላጆቿ ውል ትሰጥ ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትም በሸንጎው መካከል ይሰማ ነበር። በደሞዝ የተቀጠረችው ሚስት ደግሞ የውሏን ክፍያ ይዛ ከመሄድ በቀር ከሀብቱ እኩሌታ የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም። ባህሉ እማኝና ዋስ ላላት ጋሻ ሲሆን፣ ለሌላት ግን ዝም ይል ነበር።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቤተሰብን በሕግ ልዩ ጥበቃ ሥር አደረገ። ከዚያም በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ተቀብሎ ውጤታቸውን አንድ አደረገ። ፍቺንም ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተወ፤ እነርሱም በጥፋተኛው ላይ የንብረት ቅጣት እስከ መወሰን ሥልጣን ነበራቸው። ነገር ግን ለወንዱ 18፣ ለሴቷ 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አደረገ፤ ባልንም የቤተሰቡ አለቃ ብሎ ሰየመው። በዚህ ነጥብ የአውሮፓ ሕግና ከጳውሎስ መልእክታት የተቀዳው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ።

ሕጉ በወረቀት ላይ በነበረበት ዘመን ከተማው በበኩሉ ሌላ ጥያቄ ይወልድ ነበር። ሽቦ አልባውን መገናኛ የሚያስታውስ ስም የያዘው የነፋስ ስልክ ላፍቶ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሳሪስ እንደ አደይ አበባ ያሉ ፋብሪካዎች ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ወዝአደር ሰበሰቡ። በመካኒሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ቀሳውስትን ማሠልጠን ጀመረ፤ በኦርቶዶክሱ ደብር አጠገብ ሌላም ክርስቲያናዊ የጋብቻ ሥርዓት ቆመ። ከየአገሩ ተገናኝተው ጎጆ የቀለሱ ወጣቶች ግን ብዙውን ጊዜ ቁርባንም ሰማንያም አልነበራቸውም። ዋስ የሚሆነው ዘመድ በሩቅ አገር ነው፤ የሚካፈሉት ርስት የለም፤ ያለው ሀብት የሚኖሩበት ቤት ነው። ቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባል ስም ይመዘገባል።

ለዚህ ጥያቄ ሕጋዊ መልስ የተሰጠው ዘግይቶ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ በ34ኛው አንቀጹም ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በትዳር ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላትና ሌሎችም ከተከራከሩ በኋላ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የባል አለቅነት ቀረ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሌዎች ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩም ያፈሩት ሀብት የጋራ እንዲሆን ተደረገ። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሠራ፣ ክልሎች የየራሳቸውን አወጡ፤ የአማራ ክልል ሕግ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ሦስቱ ሕጎች ዛሬም ጎን ለጎን ናቸው። ችሎት የፈታውን ትዳር ቤተ ክርስቲያን በራሷ ቀኖና ትመዝነዋለች፤ ሽማግሌም ከችሎት በፊት ደጅ ያንኳኳል። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ፈቃድ የትዳር መሠረት መሆኑን ፍትሐ ነገሥት አስተምሯል፤ እኩሌታን ሰማንያ አቆይቷል። የመንግሥት ሕግ ሥራ እነዚህን ሁለት ቅርሶች ዋስና ዘመድ ለሌላት ሴትም ማድረስ ነው። የሕጉ ክብደት የሚለካውም በዚያ ነው፤ ፋብሪካ ውላ የመጣች ሚስት ትዳሯ በፈረሰ ዕለት የቤቷን እኩሌታ ይዛ ስትወጣ።