በ4 ደቂቃ የበራው ታብሌት

እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ለሕፃናት አደለ። አስተማሪ አልተመደበም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ማብሪያውን አገኘ፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተቆልፎ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ዓለም በልጆቹ ተደነቀ። ዕቃውንስ ማን መረመረው? ልጆቹ ያዜሙት የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር፤ ቁቤም ሀሁም አይደለም።

ዛሬ መስቀል ፍላወር ቢሮ ተቀምጦ ለገጠሩ መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት ይህን ልብ ይበል፦ ማብሪያው ቶሎ መገኘቱ ዕቃው ቀላል መሆኑን ያሳያል። ለባለቤቱ የተሠራ መሆኑ የሚታወቀው ግን በገዛ ቋንቋው ሲያናግረው ነው።