የአልተንኪርሽን አውራጃ ታሪክና የጎረቤት ዋስትና

የአገር ሀብት የሚለካው በመሬቱ ልምላሜና በማዕድኑ ብዛት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ታሪክን በጥሞና ስንመረምር፣ አፈሩ ድሀ የሆነ አገር ለዓለም የሚጠቅም ሐሳብ ሲያፈልቅ እናገኛለን። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት አንዱ በጀርመን አገር የሚገኘው የአልተንኪርሽን አውራጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ አውራጃ የሚገኘው ራይንላንድ ፕፋልስ በሚባለው ክፍለ ሀገር በስተሰሜን ጫፍ ነው። ስፋቱ 640 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሕዝቡ 130,000 ገደማ ይሆናል። አገሩ ኮረብታና ደን የበዛበት ነው። ዚግ የሚባለው ወንዝ አቋርጦት ወደ ምዕራብ ይፈስና ከታላቁ የራይን ወንዝ ይገባል። ከፍተኛው ቦታ ቬስተርቫልድ ይባላል፤ ትርጓሜውም የምዕራብ ደን ማለት ነው። ብርዱ ጠንካራ፣ አፈሩም ስስ ስለሆነ ገበሬው ብዙ ደክሞ ጥቂት ያፍስ ነበር።

በቀድሞ ዘመን አገሩን የዛይን መሳፍንት ይገዙት ነበር። በ1796 የፈረንሳይና የኦስትሪያ ጦር በአልተንኪርሽን ከተማ አጠገብ ተዋጉ፤ በዚያው ዓመት ማርሶ የተባለው የ27 ዓመት ወጣት የፈረንሳይ ጄኔራል በዚሁ አካባቢ ቆስሎ ሞተ። በ1815 አገሩ ለፕሩሲያ መንግሥት ተሰጠ፤ በ1816ም አውራጃው ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ ወጣት አንባቢ ከሁሉ አብልጦ ልብ ሊለው የሚገባው የጦር አለቆችን ታሪክ ሳይሆን የአንድ የገጠር ሹም ታሪክ ነው። ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን በ1818 በዚሁ አውራጃ፣ ሐም በምትባል ስፍራ ተወለደ። ወታደር ሆኖ ሲያገለግል ዓይኑን ስለ ታመመ ወደ አስተዳደር ሥራ ተዛወረ፤ በ1845 ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በቫየርቡሽና በአካባቢዋ መንደሮች ላይ ተሾመ።

ወዲያው ክፉ ዘመን መጣ። ድንቹን በሽታ መታው፤ በ1846 እህሉም ሳይሰምር ቀረ፤ በዚያ ዓመት የብርድ ወራት ሕዝቡ ተራበ። መንግሥት ዱቄት ላከ፤ ነገር ግን እጅ በእጅ ለሚከፍል ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ። የተራበው ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ነበረ። ራይፋይዘን ትእዛዙን ወደ ጎን ትቶ ዱቄቱን ለድሆች በዱቤ ሰጠ። ባለጸጎችንም ሰብስቦ ገንዘብ አዋጥተው የዳቦ ማኅበር እንዲያቋቁሙ አደረገ፤ የጋራ መጋገሪያ ቤት ተሠርቶም ዳቦ ከገበያው ዋጋ በታች ተሸጠ።

በ1848 ወደ ፍላመርስፌልድ ሲዛወር ያገኘው ችግር አራጣ ነበረ። ላም የሌለው ገበሬ በብድር ላም ይወስዳል፤ ወለዱ ተደራርቦ መክፈል ሲያቅተው ላሙንም መሬቱንም ያጣል። ስለዚህ በ1849 የርዳታ ማኅበር ተመሠረተ። ባለጸጎቹ ዋስ ሆኑ፤ ከብት ተገዛ፤ ገበሬውም ዋጋውን በየዓመቱ እየከፋፈለ እንዲከፍል ተደረገ።

በ1852 ከደጋው ወርዶ፣ ከአውራጃው ውጭ በራይን ወንዝ አጠገብ ባለችው በሄደስዶርፍ ተሾመ። በዚያም በ1854 የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመ። ነገር ግን የባለጸጎች ቸርነት ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየቀዘቀዘ ሄደ። ራይፋይዘንም ከዚህ ትልቅ ትምህርት አገኘ፤ ይኸውም በሰጪው በጎ ፈቃድ ብቻ የቆመ ርዳታ ሰጪው ሲሰለች እንደሚወድቅ ነው። ስለዚህ በ1864 ማኅበሩን የብድር ማኅበር አድርጎ ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ተበዳሪው ራሱ የማኅበሩ አባል ሆነ፤ አባላቱም ለማኅበሩ ዕዳ ባላቸው ንብረት ሁሉ በአንድነት ተጠያቂ ሆኑ።

እንዲህ ያለ ዋስትና ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ቢያታልል የሌላው በሬ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር ሰዎች እርስ በርሳቸው በሚተዋወቁበት በጠባብ ወረዳ ተወሰነ፤ ትጉህ ማን እንደሆነ፣ አባካኝም ማን እንደሆነ ጎረቤት ያውቃልና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚያ አገር በሥራ ታየ።

ራይፋይዘን በ1865 ዓይኑ እየደከመ ስለ ሄደ ከሹመቱ ወጣ። ሆኖም በልጁ በአማሊ ርዳታ ሥራውን ቀጠለ፤ ሐሳቡን የሚያስረዳውንም መጽሐፍ በ1866 አሳተመ። በ1888 ሲሞት ማኅበሮቹ በብዙ ስፍራ ተቋቁመው ነበር፤ በኋላም ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፉ። በ2016 ዩኔስኮ የኅብረት ሥራን ሐሳብ በሰው ልጅ ቅርስነት መዘገበው።

አውራጃው የብረት ማዕድንም ነበረው፤ ብዙ ሕዝብም ለብዙ ዘመን ኑሮውን በዚሁ ይመራ ነበር። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ጉድጓዶች በ1965 ተዘጉ። ከምድር የተቆፈረው ሀብት ሲቋረጥ፣ ከመተማመን የተገኘው ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዕቁብና ዕድር ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ነገር እንደ እንግዳ ሊቆጥረው አይገባም። የሚረዳህ ማን እንደሆነ ከመፈለግህ አስቀድሞ፣ ጎረቤትህ ያለ ሥጋት ዋስ ሊሆንልህ የሚችል ሰው መሆንህን መርምር። ቃልህን ጠብቅ፤ ዕዳህን በጊዜው ክፈል፤ ለሌላውም ዋስ ለመሆን አትፍራ። ማኅበር የሚቆመው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነውና።