አዋጅ የወለደው ደን፦ የፓኖንሃልማ ገዳምና ዛፎቹ

በምዕራብ ሀንጋሪ፣ ከጂዮር ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የፓኖንሃልማ ገዳም ኮረብታ አናት ላይ ጉብ ብሏል። እንግዳ የሚጎበኘው በተለመደው መንገድ ነው፤ ባዚሊካው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከዚያ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫው። በተዳፋቱ ላይ የተንጣለለውን 25 ሄክታር ገደማ የዛፍ ስፍራ፣ አርቦሬቱሙን፣ የሚያየው ጊዜ የተረፈው ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ዩኔስኮም በ1996 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቦታውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «የተፈጥሮ አካባቢው» የሚለውን ከገዳሙ ስም ጋር አብሮ አስፍሮታል።

ገዳሙ የሀንጋሪን መንግሥት ያህል ዕድሜ አለው። ልዑል ጌዛ የቤኔዲክቶስን መነኮሳት በ996 አስመጥቶ አሰፈረ፤ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ንጉሥ የሆነው ልጁ እስጢፋኖስ ርስትና መብት ሰጣቸው። በ1241 እና 1242 ሞንጎሎች አገሩን ሲያወድሙ አበምኔት ኡሮስ ኮረብታውን መሽጎ አላስደፈረም። ሀንጋሪኛ ቃላት ከሚገኙባቸው ሰነዶች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ፣ በ1055 የተጻፈው የቲሃኒ ገዳም መመሥረቻ፣ ዛሬም እዚሁ ይጠበቃል። ይህን ማንኛውም የሀንጋሪ ተማሪ ያውቀዋል። የዛፎቹ ታሪክ ግን የሚጀምረው ገዳሙ ከተዘጋበት ቀን ነው።

የሀብስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ ጸሎት ብቻውን ለአገር ምን ይረባል የሚል ሰው ነበር። የማያስተምርና ድውይ የማያስታምም የመነኮሳት ማኅበር ይፍረስ አለ፤ በ1786 ተራው የፓኖንሃልማ ሆነ። ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ገዳም ባዶውን ቀረ። በ1802 ንጉሥ ፍራንስ ሲመልሰውም እንዲያው በነጻ አልነበረም፤ መነኮሳቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ግዴታ ገቡ። የጸሎት ሰው የነበረው መነኩሴ ጠመኔ መያዝ፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ ማዕድናትም ማወቅ ነበረበት።

ፋቢያን ሴደር የዚህ አዲስ ትውልድ መነኩሴ ነው። በ1784 ተወለደ፤ ገዳሙ ሲዘጋ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። መምህር ሆነ፣ ፓሎጽ ስለሚባሉት የሰሜን ሀንጋሪ ገጠሬዎች ንግግርና ልማድም ጻፈ። በ1840ዎቹ የገዳሙን የዛፍ ስፍራ ዛሬ ባለው መልክ ያደራጀው እርሱ ነው። ያ የማስተማር ግዴታ ባይኖር ኖሮ ይህ ደን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን ከ400 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነት ይገኝበታል። የአገሩ ኦክ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ዛፍ ጋር ጎን ለጎን ቆሟል፤ ከቅርንጫፎቹ እኩል ከፍታ የተሠራ የእንጨት መተላለፊያም አለ። በአቅራቢያው ላቬንደር በመደዳ ተተክሏል። ሳያብብ አመድማ ጉብታ ነው፣ ዓይን አይስብም። አንዷን ዘለላ በጣት ላሸት ያደረገ ሰው ግን ሽታው እስኪመሽ ከእጁ አይለቀውም። መነኮሳቱ ዘይቱን እዚያው ያወጣሉ፤ ሳሙናና ሽቶ ሆኖ ይሸጣል።

ወደ ባዚሊካው የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ከምድር ቤቱ መቃብሮች መካከል የሚያውቀው ስም አለ። በ1888 የሀንጋሪው ባላባት ሳሙኤል ቴለኪና ጓደኛው ሉድቪግ ፎን ሄኔል ቱርካና ደርሰው «የሩዶልፍ ሐይቅ» አሉት፣ በኦስትሪያ-ሀንጋሪው አልጋ ወራሽ ስም። ቀጥለው ያገኙትን የእኛን ጨው ባሕር ደግሞ በሚስቱ በስቴፋኒ ስም ጠሩት፤ በዙሪያው የሚኖሩት ሰዎች ምን እንደሚሉት ካርታው ግድ አልነበረውም። ሩዶልፍ በዓመቱ ራሱን አጠፋ። ስቴፋኒ ሎንያይ የሚባል ሀንጋሪያዊ ባላባት አገባች፤ በ1945 የሶቪየት ጦር ሲቃረብ ቤቷን ጥላ ወደ ፓኖንሃልማ ሸሸች፣ በኦገስት እዚያው ሞተች። ባሏም በማግስቱ ዓመት ከጎኗ ተቀበረ።

ስደተኞቹ እነርሱ ብቻ አልነበሩም። በጦርነቱ ማብቂያ ወራት ገዳሙ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ጥበቃ ሥር ሆኖ ብዙ ሰው አስጠልሏል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ኮሙኒስት መንግሥት በ1950 አብዛኞቹን የመነኮሳት ማኅበራት ሲበትን፣ የቤኔዲክቶስ መነኮሳት የፓኖንሃልማና የጂዮር ትምህርት ቤቶቻቸውን ይዘው እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። ንጉሡ በ1802 የጫነባቸው ሸክም በ1950 መከታ ሆናቸው። የፓኖንሃልማው ትምህርት ቤት ዛሬም እየሠራ ነው።

ላቬንደሩን በአበባው ማየት የፈለገ በጁን ማለቂያ ይሂድ፤ የጎብኚው ብዛት ግን ያስመርራል። ለዛፎቹ ኦክቶበር ይመረጣል። ቅጠሉ የሚቀላበት ጊዜ ነው፣ ገዳሙ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ያቆመው የወይን ጠጅ ቤትም ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው።