እርድ፦ ከድስት እስከ ካፕሱል

ሰሞኑን የእርድ ካፕሱል በዝቷል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አይጠፋም፣ ቴሌግራም ላይም "ብግነት ያጠፋል፣ የደም ስር ይጠርጋል" እየተባለ ይሸጣል። የድሮ ተማሪዎቼም "ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን እርድ ራሱ ታሪክ ስላለው በዚያ በኩል ልሞክር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እርድ ለእኛ በዋናነት የአልጫ ቀለም ነው፤ በአገራችንም ቴፒ አካባቢ ይበቅላል። ለህንዶች ግን ከወጥም በላይ ነው። ሙሽሮች ይቀቡታል፣ ቁስል ላይ ይደረጋል፣ በባህል ሕክምናቸው ውስጥም ከጥንት ጀምሮ አለ።

በ1815 ቮጌልና ፔሌቲዬ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ከእርድ ውስጥ ቢጫውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ኩርኩሚን የሚባለው እሱ ነው። ይሄ ፔሌቲዬ ቀላል ሰው አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከካቨንቱ ጋር ሆኖ ከዛፍ ቅርፊት የወባውን ኪኒን ለይቶ ያወጣ ነው። ኪኒን ስንት ሕይወት አተረፈ። ኩርኩሚን ግን ለረጅም ጊዜ ቀለም ብቻ ሆኖ ቆየ።

ነገሩ የተለወጠው በ1995 ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፦ እርድን ቁስል ለማዳን ለመጠቀም ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ፓተንት ተሰጠ። የህንድ እናቶች ሲያደርጉት የኖሩት ነገር "አዲስ ግኝት" ተባለ ማለት ነው። የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ዝም አላለም። ጩኸት ብቻም ይዞ አልሄደም፤ 32 የጽሑፍ ማስረጃ ይዞ ቀረበ። የሳንስክሪት ጥንታዊ መጽሐፍ አለበት፣ በ1953 በህንድ የሐኪሞች መጽሔት የወጣ ጽሑፍም አለበት። በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ።

ሁለተኛው፦ ሂውስተን በሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ባራት አጋርዋል የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ፣ ኩርኩሚን በሴል ውስጥ ብግነትን የሚቀሰቅስ አንድ ፕሮቲን እንደሚገታ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ምርምሩ ጎረፈ፣ ገበያው ተከተለ። የሰውየው ከሃያ በላይ ጽሑፎች ግን ኋላ ላይ ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል፤ አብዛኛው ምክንያት የምስሎቹ ትክክለኛነት ነው።

እሺ፣ የአንድ ሰው ነገር ይቅር። ኩርኩሚን ራሱስ? ትልቁ ችግሩ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አለማለፉ ነው። በ1998 የባንጋሎር ተመራማሪዎች ከቁንዶ በርበሬ ከሚወጣ ንጥረ ነገር ጋር ሲሰጡት በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን 20 እጥፍ ገደማ ጨመረ። ካፕሱሉ ላይ "ከቁንዶ በርበሬ ጋር" የሚል የምታዩት ለዚህ ነው።

ስለ ደም ስር ተስፋ የሚሰጥ ጥናት አለ። በ2012 ጃፓን ውስጥ የወር አበባ ባቆሙ 32 ሴቶች ላይ በተደረገ የ8 ሳምንት ጥናት፣ ኩርኩሚን የወሰዱት የደም ስራቸው የመለጠጥ አቅም ተሻሽሏል። ግን ልብ በሉ፣ ኩርኩሚን ሳይወስዱ ስፖርት የሠሩትም በተመሳሳይ መጠን ተሻሽሎላቸዋል። ስፖርት ደግሞ በነፃ ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከካናዳ ነው። በ10 ሆስፒታሎች ዋናው የደም ቧንቧቸው አብጦ ቀዶ ጥገና ለሚደረግላቸው 606 ሰዎች፣ ለግማሾቹ ኩርኩሚን፣ ለግማሾቹ ምንም የሌለበት ክኒን ተሰጠ። ብግነትና የደም ስር፣ ሁለቱም የሚወራለት ቦታ ላይ ማለት ነው። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ ብግነትን አልቀነሰም። እንዲያውም ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ኩርኩሚን በወሰዱት ላይ 17 በመቶ፣ ባልወሰዱት ላይ 10 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ የእርድ ካፕሱል የወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ሕመም ስለታየ፣ ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ታዘዘ።

ይሄን የምለው እርድን ለማጣጣል አይደለም። አልጫችሁን ብሉ! በአንድ ማንኪያ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ጥቂት ነው፤ ከክብደቱ 3 በመቶ ገደማ። ካፕሱል ግን ሌላ ነገር ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ የጉበት ወይም የሐሞት ችግር ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ለወላጆቻችሁም ንገሩልኝ፦ "እርድ ይበቃኛል" ብሎ የግፊት መድኃኒት ማቆም በሕይወት መቀለድ ነው።

ህንድ ያሸነፈችው "የአባቶቻችን ነው" በማለት ብቻ ሳይሆን "ማስረጃው ይኸው" በማለቷ ነው። ካፕሱል ሻጩንም ያንኑ እንጠይቀው፦ ማስረጃህ የታለ? "ባህላዊ ነው" ማለት መልስ አይደለም፣ "ፈረንጅ አመረተው" ማለትም መልስ አይደለም።

እቤታችሁ ካፕሱሉን የሚወስድ ሰው ካለ ይሄን አንብቡለት። መልካም ሳምንት!