የባንክ የአደራ ሣጥንና የተወካይ ሥልጣን

አንዳንድ ባንኮች የቤት ካርታ፣ የወርቅ ጌጥና የውል ሰነድ የሚቀመጥበት የአደራ ሣጥን ለደንበኞቻቸው ያከራያሉ። ተከራዩ ቢታመም ወይም ከአገር ቢወጣ ሣጥኑን ማን ይክፈተው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ቁልፉን መያዝ ብቻውን ሥልጣን አይሰጥም።

ጠቅላላ ውክልና ምን ይፈቅዳል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2203 እንደሚደነግገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል። ቁጥር 2204 ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ንብረት መጠበቅን፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትንና ሰብል መሸጥን ይጠቅሳል። ስለዚህ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ልጅ የአባቱን ጤፍ ሊሸጥ ይችላል፤ ቤቱን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል።

የአደራ ሣጥን መክፈት በዝርዝሩ ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። የውክልና ሰነዱ ይህን በግልጽ ካልተናገረ ተወካዩ ከባንኩ ደጃፍ ሊመለስ ይችላል።

በሰነዱ ላይ ምን ይጻፍ?

የባንኩና የቅርንጫፉ ስም፣ እንዲሁም የሣጥኑ ቁጥር ሊጠቀሱ ይገባል። መክፈት፣ ዕቃ ማውጣትና የወጣውን መሸጥ የተለያዩ ሥልጣኖች በመሆናቸው የተፈቀደው ተለይቶ ይጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የውክልና ሰነድ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። በውጭ አገር የሚኖር ወካይ ሰነዱን በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ማዘጋጀት ይችላል። ሣጥኑን ያከራየው ባንክ የራሱ ቅጽ ወይም ተጨማሪ መስፈርት እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ምልልስን ያስቀራል።

ውክልናው መቼ ያበቃል?

ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። በሻረ ጊዜ ለባንኩ በጽሑፍ ማሳወቅና የውክልና ሰነዱን ከተወካዩ መቀበል ይኖርበታል።

በቁጥር 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። በቤተሰብ መካከል ጠብ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አባት ካረፉ በኋላ በቀድሞው ውክልና ሣጥኑን ከፍቶ ዕቃ የወሰደ ልጅ በሌሎቹ ወራሾች ሊጠየቅ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ ለባንኩ ማቅረብ ነው።