ጳጉሜን በስክሪን ላይ፤ የኢትዮጵያ የጤና መዝገብ ከወረቀት ወደ ታብሌት

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የሠራተኞቹ መሣሪያ እስክሪብቶና መዝገብ ነበር። ቆየት ብሎም የእያንዳንዱ ቤተሰብ መረጃ በአንድ ማኅደር ተጠቃሎ በጤና ኬላ መቀመጥ ጀመረ። በወረቀት ላይ «ጳጉሜን 3 ተወለደ» ተብሎ ቢጻፍ የሚከለክል አልነበረም።

ስክሪን ግን ይከለክላል። ዓመቱ 12 ወር ብቻ እንደሆነ አድርጎ የተሠራ ቅጽ ለዚያ ሕፃን ቦታ የለውም። የእርግዝና ክትትል የሚሰላው ከመጨረሻው የወር አበባ ቀን ተነሥቶ ስለሆነ፣ ሠራተኛዋ ዘመን በቃሏ ስትቀይር የምትስተው ቀን የመውለጃውን ጊዜ ያዛባል። ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ማካተቱ፣ እንግዲህ፣ ተራ የትርጉም ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የስም ነገር ከዚህም ይከብዳል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ሲሞላ የእናቲቱ አያት ስም ይገባበታል፤ የሕፃኑ ሲሞላ ደግሞ የአባቱ አባት ስም። እናትና ልጅን በዚያ ሣጥን ሊያገናኝ የሚሞክር ሥርዓት ባዕድ ያደርጋቸዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ መድኃኒቱን ጠዋት 2 ሰዓት የሚውጥ ታካሚ «8፡00» የሚል ማሳሰቢያ ቢደርሰው 6 ሰዓት ዘግይቶ ሊወስደው ይችላል። (160 የላቲን ፊደላት የሚይዘው አጭር የስልክ መልእክት በግእዝ ፊደል 70 ብቻ መያዙም አይዘነጋ፤ ምንም እንኳ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ጉድለቱን በከፊል ቢያካክስ።)

መንግሥት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «የመረጃ አብዮት» ብሎ ሲነሣ ለዳታውም ለመረጃውም ያገለገለው ቃል አንድ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አካባቢም በኮምኬር ላይ የተገነባው የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት መጣ። አዲስ መሣሪያ ሳይለመድ ሲቀር ጥፋቱን በሥልጠና ማነስ ማሳበብ የተለመደ ነው። የኔትወርክና የመብራት እጦትም እውነተኛ ችግር ነው። ይሁንና ስም፣ ቀንና ሰዓት በሠራተኛዋ አነጋገር ካልተጠየቁ ታብሌቱ የማኅደሩን ቦታ መውሰድ ይሳነዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን በሚሠራባቸው ጤና ኬላዎች አንዲት ሠራተኛ ያችኑ እናት ሁለት ጊዜ ትመዘግባለች፤ አስቀድማ በወረቀት።